የዘፈን ሸክላ መሰብሰብ ለጀመራችሁ፦ ከማጫወቻው እስከ ክረምቱ

ፒያሳ ወይም ካዛንቺስ አዲስ ካፌ ከተከፈተ ግድግዳው ላይ ሸክላ መለጠፉ አይቀርም። አንዳንዱ ጭራሽ ሚስማር መትቶበታል። ያማል። ለጌጥ ከሆነ የተሰነጠቀ ሸክላ ሞልቷል፣ ደህና ደህናውን ለቀቅ አድርጉልን። ይህን የምጽፈው ሸክላ ገዝቶ፣ አጥቦ፣ መርፌ አሳርፎ መስማት ለሚፈልግ ሰው ነው።

ዋናውን ነገር ቀድሜ ልንገራችሁ። ሸክላ ላይ ብር ከማፍሰሳችሁ በፊት ማጫወቻውና መርፌው ላይ አውጡ። ብዙ ጀማሪ ተገላቢጦሹን ነው የሚያደርገው። የድሮ አማርኛ ሸክላ በውድ ዋጋ ይገዛና፣ ወስዶ ሻንጣ የምትመስል ርካሽ ማጫወቻ ላይ ያስቀምጠዋል። ድምፁ እኮ የተቀረጸው በጣም ቀጭን በሆነ ቦይ ግድግዳ ላይ ነው። መርፌው በቦዩ ውስጥ እየሄደ ግድግዳውን ይዳስሳል። መርፌው ካረጀ ወይም ክብደት ከበዛበት መዳሰሱ ይቀርና መፋቅ ይጀምራል። የተፋቀ ደግሞ ታጥቦም ተወልውሎም አይመለስም።

የፈረንጅ ዘፈን ከሆነ ግድ የለም፣ ሌላ ቅጂ ይገኛል። የኛዎቹ ግን ጥቂት ናቸው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስን ሲጀምር ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ነበር። እሱ ግን ደፈረ። የመጀመሪያዎቹን የዓለማየሁ እሸቴ ሸክላዎች ሕንድ አገር አሳትሞ አስመጣ። እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ድረስ ወደ 100 የሚጠጉ ትንንሽ ሸክላዎችና አንድ ደርዘን ገደማ ትልልቆቹን አወጣ። መርካቶ ደግሞ ታንጎ ሙዚቃ ቤት የነበረው ዓሊ አብደላ ካይፋ በካይፋ ሬከርድስ ሠራ፣ ፊሊፕስም ያሳትም ነበር። ከዚያ ካሴት መጣና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሸክላን ከገበያ ጠራርጎ አስወጣው። ሁሉም ነገር ባጭር ጊዜ ነው የሆነው። ስለዚህ ዛሬ እጃችሁ የሚገባው ሸክላ ሃምሳ ዓመት ያህል በስንት ሰው እጅ፣ በስንት ቡና ቤት ያለፈ ነው፤ እናንተ ጋ መጥቶ መበላሸት የለበትም።

ማጫወቻው

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ማጫወቻ የሚገኘው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ከቤተሰብ ሳሎን የሚወጣው የድሮ ሬዲዮግራም (ሬዲዮና ሸክላ ማጫወቻ አንድ ላይ የተሠራበት) ነው፣ ግሩንዲግ፣ ቴሌፉንከን፣ ፊሊፕስ። ሁለተኛው ከውጭ በሰው የሚመጣው ነው። ሦስተኛው መርካቶና የቆየ ዕቃ የሚሸጥበት ሁሉ የምታገኙት ነው።

ሬዲዮግራሙ ያምራል፣ እንጨቱ ራሱ ዕቃ ነው። ግን ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ ከሆነ እንዳገኛችሁት ሶኬት ላይ አትሰኩት። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ስለሚደርቁ ሊቃጠል ይችላል። መጀመሪያ የድሮ ሬዲዮ የሚያውቅ ጠጋኝ ከፍቶ ይየው። መርፌው ደግሞ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ያልተቀየረ ከሆነ፣ ደህና ሸክላ እንዳታስነኩት። አያት ቤት ስላለ ብቻ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ከውጭ የሚመጣው ላይ ሰው የሚሸወደው በመብራት ነው። የኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው (ኸርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንቴ እንደሚመላለስ ነው)። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ጃፓን ለራሷ ገበያ የሠራችው ደግሞ 100 ቮልት ነው የሚፈልገው። «ትራንስፎርመር አደርግበታለሁ» ትላላችሁ። ጥሩ፣ ቮልቱን ያስተካክላል። ኸርዙን ግን አይነካውም። ብዙ የድሮ ማጫወቻ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው፤ ስለዚህ ለ60 የተሠራ ሞተር እዚህ ሲሰካ በደቂቃ 33 ከሲሶ መዞር የነበረበት ወደ 28 ይወርዳል፣ ዘፈኑ ይጎተታል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ሴቷ ዘፋኝ ወንድ ትመስላችኋለች። አንዳንዱ ሰው ይህን «የድሮ ለዛ» ብሎ ሲሰማው አይቻለሁ። ለዛ አይደለም፣ ሞተሩ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ለ50 ኸርዝ የሚሆነውን የሞተር መዘውር ፈልጎ መቀየር፣ ወይ ከመጀመሪያው በዲሲ ሞተር ወይም በኳርትዝ የሚሠራ መግዛት። እንደ ቴክኒክስ 1200 ያሉት ሳህኑን (ሸክላው የሚቀመጥበትን) በቀጥታ በሞተር የሚያዞሩ ማጫወቻዎች ፍጥነታቸውን ከመብራቱ ስለማይወስዱ ቮልቱ ብቻ ከተስተካከለ ይበቃቸዋል። ከመግዛታችሁ በፊት ከኋላ ወይም ከሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። 110 እና 220 የሚል መቀያየሪያ ካለው የት ላይ እንዳለ ሳታዩ አትሰኩ። ፍጥነቱን ለመለካት ስልክ ላይ የሚጫን ነፃ መተግበሪያ አለ፣ ስልኩን ሳህኑ መሀል ታስቀምጡታላችሁ፣ በደቂቃ ስንት እንደሚዞር ይነግራችኋል።

በቺንጋ የሚዞር ከሆነ ቺንጋው መላላቱን ወይም መቅለጡን እዩ። ማስቲካ ሆኖ ሞተሩ ላይ የተለጠፈ ያጋጥማል። እሱ ቀላል ነው፣ ርዝመቱን በክር ለክታችሁ አዲስ ማስመጣት ይቻላል። የላላው ግን «እስኪ ይሁን» ተብሎ አይተውም፣ ዘፈኑን ያወዛውዘዋል።

መብራት መሄዱ አይቀርምና ይህንንም ልመዱት። ሸክላ እየዞረ መብራት ከሄደ መርፌውን የያዘውን ክንድ አንሱ፣ ማጉያውን (አምፕሊፋየሩን) አጥፉ፣ ሶኬቱን ንቀሉ። ሲመለስ ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል። በርቶ የቆየ ማጉያ ድንገት ኃይል ሲያገኝ ደግሞ ስፒከሩን ጓ ያደርገዋል። ስታቢላይዘር ካላችሁ ተጠቀሙበት።

ስለ ማጉያና ስፒከር ብዙ አልልም። አንድ ነገር ብቻ፦ ከመርፌው የሚወጣው ድምፅ እጅግ ደካማ ነው፣ ጥቂት ሚሊቮልት። ስለዚህ ማጉያው «ፎኖ» የሚል መግቢያ ከሌለው ፎኖ ፕሪአምፕ የምትባል ትንሽ ሳጥን በመሀል ያስፈልጋችኋል። አዳዲስ ማጫወቻዎች ላይ አብራ ተሠርታ የምትመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ያለሷ ከሰካችሁት ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል፣ ቤዝ የለውም። ከማጫወቻው የሚወጣ ለብቻው የሆነ ቀጭን ሽቦ ካለ ማጉያው ጀርባ ያለው ቡሎን ላይ እሰሩት። እሱን ረስታችሁ ነው ያ «እምምም» የሚለው ጩኸት የሚያስቸግራችሁ።

መርፌና ክንድ

ሻንጣ መሳዮቹን ማጫወቻዎች የማልወደው መልካቸው አስጠልቶኝ አይደለም። አብዛኞቹ መርፌያቸው 5 ግራም አካባቢ ይጫናል፣ ማስተካከያም የላቸውም። ደህና ካርትሪጅ (ክንዱ ጫፍ ላይ ያለው፣ መርፌው የሚሰካበት ክፍል) ግን 2 ግራም ገደማ ይበቃዋል፣ ትክክለኛው ቁጥር ከካርትሪጁ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

አስተካክሉ ሲባል የሚፈራ ብዙ ነው። አያስፈራም። ማጫወቻው ደልደል ያለ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ የግንበኛ ውሃ ልክ ካላችሁ አስቀምጡበትና እዩ። ከዚያ የመርፌውን መሸፈኛ አውልቃችሁ ክንዱን ከማረፊያው ፍቱት። ከኋላ ያለውን ክብደት ቀስ እያላችሁ አዙሩ፣ ክንዱ ሳይወርድም ሳይወጣም አየር ላይ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ። አሁን ቁጥር ያለበትን ቀለበት ብቻ ዜሮ ላይ አድርጉት። ከዚያ ክብደቱንም ቀለበቱንም አንድ ላይ አዙራችሁ ወረቀቱ ያለው ቁጥር ላይ አቁሙት። አለቀ። ማረጋገጥ የፈለገ የመርፌ ሚዛን ትንሽ ናት፣ ዋጋዋም ርካሽ ነው፣ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ኪስ የምትከብድ አይደለችም።

መርፌው የሚዘል ከሆነ ሳንቲም የሚጭኑበት አሉ። እባካችሁ። መዝለሉ ብዙ ጊዜ ሦስት ምክንያት ነው ያለው፦ ወይ ሸክላው ቆሽሿል፣ ወይ ተጭሯል፣ ወይ ክንዱ አልተስተካከለም። ሳንቲሙ አንዱንም አይፈታም፣ ቦዩን ግን በደንብ ያርሰዋል።

የአልማዝ ጫፍ ያለው መርፌ ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ያህል ይሠራል። ያገለገለ ማጫወቻ ስትገዙ መርፌው ስንት ሰዓት እንደሠራ የሚነግራችሁ ስለሌለ ቀይሩት፣ ከሸክላ በፊት የመጀመሪያው ወጪያችሁ እሱ ይሁን። «ስ» እና «ሽ» የሚሉ ድምፆች መሻከር ከጀመሩ፣ በተለይ ወደ ሸክላው መሀል ሲጠጋ፣ የመርፌው ጊዜ ደርሷል ማለት ሊሆን ይችላል።

በደቂቃ 78 የሚዞሩት በጣም የድሮዎቹ ሌላ መርፌ ነው የሚፈልጉት፣ ቦያቸው ሰፊ ነው። በተራው መርፌ አትሞክሯቸው። እነሱ ከወደቁም ይሰበራሉ፣ እንደ ኋለኞቹ ፕላስቲክ አይደሉም።

ፍለጋው

የት ይገኛል? መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አካባቢ ዕድል ካላችሁ። ቸርችል ጎዳና ላይ የባህል ዕቃና አሮጌ ነገር የሚሸጡት ጋ፣ ግን እዚያ ዋጋው ለቱሪስት የተቆረጠ ነው። ከሁሉም የሚሻለው የዘመድ አዝማድ ቤት ነው። ሰው ከድሮ ሰፈሩ ተነሥቶ ኮንዶሚኒየም ሲገባ የማያስፈልገው ካርቶን ይወጣል፣ ካርቶኑ ውስጥ ደግሞ ሸክላ አይጠፋም። ስለዚህ ለአክስት ለአጎቱ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ቆራሌው ሳይቀድማችሁ። ስትወስዱ ግን በደንብ ጠይቁ፣ ዋጋውንም ንገሯቸው። ምን እንደሆነ ሳያውቁ በነፃ የሰጧችሁን በውድ ሸጣችሁ ሲሰሙ ቅያሜው ብዙ ነው፣ ትክክልም ናቸው።

አሁን ሸክላ ልትገዙ ነው እንበል። ሻጩ ትልቅ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ከፖስታው አውጥቼ ልየው?» በሉ፣ ሳትጠይቁ አትጎትቱ። ካልፈቀዱ ተዉት፣ ያላዩት ሸክላ አይገዛም። ከፈቀዱ ጫፉንና መሀሉን ብቻ ይዛችሁ አውጡት፣ ጣት የቀረጻው ቦታ ላይ አያርፍም። የስልካችሁን መብራት አብሩና ከጎን ጣሉበት፣ ከላይ አይደለም። ከላይ ያበራችሁበት ሸክላ ሁሉ አዲስ ይመስላል። ከጎን ሲበራ ግን ጭረቱ እንደ ክር ይወጣል። አሁን በጥፍራችሁ ጫፍ በጣም ቀስ ብላችሁ ጭረቱን አቋርጡት። ጥፍራችሁን ካልያዘው ብዙ ጊዜ አይሰማም ወይም ትንሽ ነው የሚንጣጣው። ከያዘው ግን በየዙሩ «ጠቅ» ይላል፣ ምናልባትም ይዘላል።

ቀጥሎ መሀሉን እዩ። ቀዳዳው ዙሪያ ወረቀቱ ላይ የተሞነጫጨረ ቀጫጭን መስመር ካለ፣ ብዙ ጊዜ ተጫውቷል ማለት ነው፤ ሰው ቀዳዳውን ሲፈልግ የሠራው ነው። ቡና ቤት የነበረ ሸክላ እንዲህ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጥቁርነቱ ወደ ግራጫ ካደላ ቦዩ ተበልቷል። ከዚያ ወደ ዓይናችሁ ደረጃ አንሡና በጠርዙ በኩል ተመልከቱት፣ ተጣሞ እንደሆነ ያኔ ይታያል። ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ የድሮ ባለቤት ስም ካለ አይክፋችሁ። እኔ እንዲያውም ደስ ይለኛል፣ ዋጋውን ግን ያወርዳል፣ ለመከራከሪያ ይጠቅማችኋል።

ዋጋ ላይ፣ ሻጩ ስልካቸውን አውጥተው ዲስኮግስ በሚባለው የሸክላ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ የተጻፈውን ዶላር ሊያሳዩአችሁ ይችላሉ። የሚያሳዩት የተጠየቀውን ነው። እዚያው ገጽ ላይ በእርግጥ የተሸጠበትም ተመዝግቧል፣ እሱን አብራችሁ እዩ። ያም ንጹሕ ለሆነ ቅጂ ነው፤ እጃችሁ ላይ ያለው ከተጫረ ዋጋው የዚያን ያህል ሊሆን አይችልም። የመጀመሪያው እትም ነው ወይስ ዳግም የታተመ የሚለውንም ለዩ። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ ያሳተመው አልበም በ2017 እንደገና ታትሟል። የዋሊያስ ባንድ የ1977ቱ «ቼ በለው»ም በ2014 እንዲሁ። ዳግም እትም መጥፎ አይደለም፣ ለመስማት እንዲያውም ከተበላ ኦሪጅናል ይሻላል። በኦሪጅናል ዋጋ መግዛት ነው ሞኝነቱ። መሀሉ ላይ ያለውን ቁጥርና ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ባዶው ጥቁር ቦታ ላይ የተጫረውን ቁጥር ከዲስኮግሱ ጋር አስተያዩ።

አንድ የግል አስተያየት። በአማርኛ ሸክላ ብቻ አትጀምሩ። የውጭ ሸክላ እዚህ ከተማ ውስጥ ፈላጊው ጥቂት ስለሆነ በርካሽ ይገኛል። እጃችሁን በነሱ ላይ አፍታቱ። መርፌ ማሳረፍ፣ ማጠብ፣ ማስቀመጥ ሁሉ ልምድ ነው።

ማጠብ

የቆየ ሸክላ ሳይታጠብ መርፌ አይነካውም። አቧራው ከመርፌው ጋር ሲገናኝ አሸዋ ወረቀት ነው።

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። የተጣራ ውሃ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ በጣም ለስላሳ ብሩሽ፣ ሁለት የማይክሮፋይበር ጨርቅ። የተጣራ ውሃ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ነው፣ ስትገዙ ግን ጽሑፉን አንብቡ፣ አጠገቡ የባትሪ አሲድም ይሸጣል! የቧንቧ ውሃ ለመጀመሪያው ማስለቀቂያ ይሆናል፣ መጨረሻው ላይ ግን አይሆንም፣ ሲደርቅ ውሃ ማፍያችሁ ውስጥ እንደምታዩት ዓይነት ነጭ ነገር ቦዩ ውስጥ ይተዋል።

ሸክላውን ንጹሕ ፎጣ ላይ አስተኙት። መሀሉ ያለው ወረቀት እንዳይርስ ተጠንቀቁ፣ የድሮው ወረቀት ቶሎ ነው የሚላቀቀው፣ ቀለሙም ይለቃል። ሳሙና ያለውን ውሃ በብሩሽ ነክራችሁ ቦዩን ተከትላችሁ ክብ ክብ አዙሩ። ከመሀል ወደ ዳር መፈግፈግ የለም። ቆሻሻው የተጋገረ ከሆነ ሁለት ሦስት ደቂቃ እርጥብ እንዳለ ተዉትና ድገሙት። ከዚያ በንጹሕ የተጣራ ውሃ ሁለት ጊዜ አለቅልቁት፣ በአንዱ ጨርቅ ውሃውን ሳትጫኑ አንሡለት። ሳህን ማድረቂያ ላይ አቁሙት፣ ጥላ ውስጥ። ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ፀጉር ማድረቂያም አይሆንም። ነጠላና የጥጥ ጨርቅ ብናኝ ስለሚተው ተዉት።

አልኮል ብዙ ሰው ይመክራል። በውሃ በደንብ ቀጥኖ ለፕላስቲኮቹ ይሠራል፣ ባለ 78ቶቹን ግን ያሟሟቸዋልና አታስነኩ። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ካልለያችሁ በሳሙናና ውሃ ብቻ ቆዩ፣ እሱ ይበቃል።

ታጥቦ የደረቀን ሸክላ ወደ ቆሻሻ ፖስታው አትመልሱት። አዲስ የውስጥ ፖስታ ይግባለት። የድሮውን ወረቀት አትጣሉ፣ ለብቻው አስቀምጡት፣ የሱ አካል ነው። ከዚያ በኋላ በየጊዜው የሚያስፈልገው ከካርቦን ክር የተሠራ የሸክላ ብሩሽ ነው፣ ከማጫወታችሁ በፊት ሸክላው እየዞረ ቀስ ብላችሁ ታስነኩታላችሁ። መርፌውንም ከኋላ ወደ ፊት፣ በዚያ አቅጣጫ ብቻ፣ በትንሽ የመርፌ ብሩሽ ጥረጉት። በጣት አይነካም።

አቧራ፣ ዕጣንና ክረምት

በጋ ላይ አቧራው ከግንባታው ጋር ተደምሮ ነው የሚመጣው። የማጫወቻው ክዳን ሥራ ላይ ካልሆነ ይዘጋ። ቡና ሲፈላና ዕጣን ሲጨስ ደግሞ ሸክላ ውጭ አይቀመጥ፣ ጭሱ የሚጣበቅ ስስ ነገር ይተዋል፣ አቧራውን ይዞ ይቀራል። ቡናው ይቅር አላልኩም፣ ዘፈኑን ከጀበናው ራቅ አድርጉት ነው።

ክረምት ዋናው ጠላት ነው። እርጥበቱ ሸክላውን ብዙም አይጎዳው፣ ሽፋኑን ግን ሻጋታ ያስይዘዋል። በተለይ ጭቃ ቤት ወይም ምድር ቤት የምትኖሩ መደርደሪያውን ከግድግዳው አንድ ጋት ያህል አርቁት፣ ወለል ላይም አታስቀምጡ። ሸክላ የሚቆመው ቀጥ ብሎ ነው፣ መጽሐፍ እንደሚደረደረው። ከተኛና ከተደራረበ ይጣመማል፣ ካዘነበለም እንዲሁ። አንድ መቶ ትልልቅ ሸክላ ከነሽፋኑ 25 ኪሎ ይደርሳል፣ ሊያልፍም ይችላል፣ ስለዚህ ቀጭን ኮምፔንሳቶ አይችለውም። ፌስታል ውስጥ ጠቅልሎ ማስቀመጥም እርጥበቱን ማፈን ነው። መስከረም ሲጠባ አንድ ቀን ሁሉንም አውጡ፣ ጥላ ላይ አየር ይንካቸው፣ ሽፋኑ ላይ ሻጋታ ካለ በደረቅ ጨርቅ ውጭ ጥረጉት። አይጥና በረሮ የድሮ ሙጫ ይወዳሉ፣ እግረ መንገዳችሁን ጥጋጥጉን እዩ።

ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ሸክላ መተው የለም። ለአሥር ደቂቃም። ገዝታችሁ ስትመጡ ታክሲ ውስጥ ከሆናችሁም ጭናችሁ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ መስኮት ሥር አይደለም።

መቅዳት

እንደገና ያልታተሙ የድሮ ትንንሽ ሸክላዎች ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ካጋጠማችሁ ታጥቦ፣ በአዲስ መርፌ፣ ገና በመጀመሪያው ማጫወት ወደ ኮምፒውተር ቅዱት። ዩኤስቢ ያለው ፕሪአምፕና ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። የድምፅ መለኪያው ቀዩን እስኪነካ አታስጩኹት። የሚንጣጣውን ለማጥፋት ብላችሁ ዋናውን ቅጂ አትነካኩ፣ ያልተነካውን አስቀምጡና በሌላ ቅጂ ላይ ሥሩ። ፋይሉ ላይ የዘፋኙን፣ የባንዱን፣ የአሳታሚውን ስምና የሸክላውን ቁጥር ጻፉበት፣ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሡ። ዩቲዩብ ላይ ከመጫናችሁ በፊት ግን ዘፋኙ ወይም ቤተሰቡ ባለመብት መሆኑን አስቡ። ለራሳችሁ ከሆነ በሁለት ቦታ አስቀምጡት፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን።